በቀትር የሚመለሰው ወተት

ከዓመታት በፊት ትታችሁት የሄዳችሁት ሽታ ድንገት አጠገባችሁ ደርሶ፣ በስማችሁ የጠራችሁ ሰው ያለ ይመስል ወደ ኋላ አዙሯችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው ሳምንት አዙሮኛል። ከጎንደር ወደ ሸሕዲ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። አይከልን አልፈን በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ ወደ ትኩስ እስትንፋስ ሲለወጥ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት እናት ለአራስ ልጇ ጡጦ ሰጥታ ጨረሰችና ጭኗ ላይ አጋደመችው። ብዙም አልቆየ፤ ሕፃኑ ተንጠራራ፣ ፊቱ ቀላ፣ የጠጣውንም አቀረሸው። የሞቀ የዱቄት ወተት ሽታ፣ ግማሹ ጣፋጭ ግማሹ የኮመጠጠ፣ መኪናውን ሞላው። ዞር አልኩ። ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ የሽንኩርት ጆንያ ብቻ ተቀምጧል።

እርግጥ ዕድሜዬ ገና ነው። በትምህርት ቤታችን ዛሬም «ወጣቷ መምህርት» የምባለው እኔ ነኝ። መተማን ሳነሳ ግን አወራሬ እንደ ባልቴት ይሆናል እያሉ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው። አንዳንድ አገር ሰውን ቶሎ ያስረጃል። በዚያ ላይ ነገርን በቅደም ተከተል ካላስረዳሁ ደስ አይለኝም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

መጀመሪያ የተመደብኩት መተማ ዮሐንስ ነው፤ የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። ሰው ጠዋት በእግሩ የድንበሩን ድልድይ አልፎ ሱዳን፣ ገላባት ተሻግሮ ሳሙናና ብስኩት ገዝቶ ለምሳ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ነበር ብላችሁ ያዙት። ዛሬ በዚያ መንገድ ጦርነት ሸሽቶ ስለሚመጣው ሰው የምንሰማው ሌላ ወሬ ነው፤ ያኔ ግን ከወዲያ የሚመጣው ሽቶ፣ የቆርቆሮ ወተትና ዘፈን ነበር። ዘፈኑን ለማያውቀው ላስረዳ። የሱዳን ዘፋኝ አይቸኩልም። መጀመሪያ ቫዮሊኖቹ ብቻቸውን ረጅም መንገድ ይሄዳሉ፤ እናንተ ሻያችሁን ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ነው ሰውየው አፉን የሚከፍተው። ሴቶቹ ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበት ቶብ ብርቱካንማና አረንጓዴ ሆኖ ድልድዩን ሲሻገር ከሩቅ ይታያል፤ የእኛዎቹም በነጠላ ፈንታ ያንኑ ጣል ያደርጉ ነበር። ዋጋ ከተነሳ ደግሞ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከሻይ የሚወደድበት ከተማ እሱን ብቻ ነው የማውቀው። በረዶ በጆንያ ተጠቅልሎ በባጃጅ ሲመጣ ሰው እንደ ሙሽራ ደጅ ድረስ ወጥቶ ይቀበለዋል።

የማልረሳው ግን ቀትሩን ነው። ሚያዝያ ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ከባድ መኪኖቹ ሞተራቸውን ያጠፋሉ፤ ጉምሩኩ በር ላይ ሲጯጯህ ያረፈደው ሁሉ ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ውሻ እንኳ አይጮኽም። መንገዱ ነጭ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ብቻውን የሚሄድ ሰው ካያችሁ ፊቱን ለማየት አትሞክሩ ይላሉ የአገሩ ሰዎች። የቀትር ጋኔን የሚባለውን እኔ ደጋ ሳለሁ በተረት ነበር የማውቀው። እዚያ ግን እንደ ወባና እንደ ዝናብ ነው የሚወራው፤ ዘንድሮ በረታ፣ ዘንድሮ ቀለለ እየተባለ። እኔ ሳይንስ አስተማሪ ነኝና እስቅ ነበር። ጮክ ብዬ ግን አልስቅም።

የተከራየሁት እማማ ዘነበች የሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ ነው። ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት እታለም ትኖራለች። እታለም ድልድዩ አጠገብ ባለች ራኩባ፣ ማለትም ሳር በተከደነች ዳስ ሥር፣ ሻይ በወተት ትሸጣለች። ታናሽ እህቷ ሙሉ በወሊድ ሞታ፣ ሕፃኑ የቀረው በእሷ እጅ ነው። አባትየው ታከለ የትራክተር ሹፌር ነው፤ ከሰሊጥ እርሻው ካምፕ ስለማይወጣ እኔ የማውቀው በስልክ ድምፁን ብቻ ነው። ልጁ ገና ክርስትና ስላልተነሳ ስም የለውም፤ «አቡሽ» ይሉታል። ክፉ እንዳይቀርበው ትራሱ ሥር ቢላ አስቀምጠውለታል። በሩ አጠገብ ምስማር ላይ የሙሉ ብርቱካንማ ቶብ እንደተሰቀለ ነው። ላውርደው ያለ ሰው አልነበረም።

አቡሽ ጠዋት ጠዋት ሰላም ነው። ቀትር ላይ እታለም ራኩባዋን ዘግታ ይዛው ትመጣለች፤ ጡጦውን ትሰጠዋለች፤ ጥርግ አድርጎ ይጠጣል፤ ምንጣፍ ላይ ታጋድመዋለች። ግቢው ፀጥ ይላል። ከዚያ ጩኸቱ ይመጣል። የርሃብ ጩኸት አይደለም፤ የርሃብን ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህኛው አንድ ሰው እንደነካው ዓይነት ነው። ጀርባውን እንደ ቀስት ይገትራል፣ አንገቱን ወደ በሩ ይጠመዝዛል፣ ዓይኑን ቶቡ ላይ ይተክላል፤ ከንፈሩ ጡት እንደያዘ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ወዲያው ወተቱ በአፉም በአፍንጫውም ተመልሶ ይወጣል። ሲያነሡት ዝም ይላል። ሲያጋድሙት እንደገና ይጀምራል። አንድ ቀን እማማ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው ይህን አዩና አማተቡ።

«አየሽ መምህርት፣» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መጥታለች።»

«ማን መጣች እማማ?»

«ማን ትሆናለች? ባለቤቲቱ ናታ። ያላጠባችውን ልጇን ልታጠባ በቀትር ትመጣለች። ሆዱን በቆርቆሮ ወተት ተሞልቶ ስታገኘው ታስተፋዋለች። ይሄ የኔ አይደለም ማለቷ ነው።»

«እማማ፣ ጨጓራው እኮ ነው። አራስ ልጅ የጨጓራው በር ገና ስላልጠነከረ…»

«ሆድ ደግሞ በር አለው?»

«አለው እንጂ፣ ቆዩ ላሳይዎት፣» ብዬ ከኪሴ ጠመኔ አውጥቼ ግድግዳው ላይ ጨጓራና የምግብ ቧንቧ ሣልኩ። ሲጋደም ወተቱ በየት በኩል እንደሚመለስ፣ የሆድ አሲድም አብሮ ስለሚወጣ እንደሚያቃጥለውና ጀርባውን የሚገትረውም ለዚያ እንደሆነ ቀስት እያደረግሁ አስረዳሁ።

እማማ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። «እንደው ለመሆኑ ይሄ የልጁ ሆድ ነው ወይስ የጠላ ቅል?»

እታለም እንኳ ሳቀች። ሙሉ ከተቀበረች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወዲያው አፏን በእጇ ከደነች፣ ቶቡንም አየት አደረገች። እማማ ግን አልጨረሱም። «እሷም ባትሆን እንጥሉ ነው። ወርዷል። ቅዳሜ አያ ቢረሳው ለገበያ ሲመጣ ይቁረጥለትና ይገላገል።»

እንጥል ማስቆረጥን ለማታውቁት ላስረዳ። እንጥል ከጉሮሯችን መግቢያ ላይ ተንጠልጥላ የምትታይ ትንሽ ሥጋ ናት። ሕፃን ሲያቀረሽ፣ ሲያስለው፣ አልጠጣም ሲል እሷ ወርዳ ነው ይባልና በስለት ትቆረጣለች። ደሙ አልቆም ቢልስ? ቁስሉ ቢያመረቅዝስ? እንደ አቡሽ ያለ፣ በመዳፍ የሚያዝ ልጅ ስንት ደም አለው? ይህን ሁሉ ለእታለም ነገርኳት። እሷ የቆሸሸውን ጨርቅ እያጠበች አዳመጠችኝ።

«መምህርት፣ አንቺ ስትናገሪ እውነት ይመስለኛል። እማማ ሲናገሩም እውነት ይመስለኛል። ከሞተብኝ ሄዶ ለሙሉ የሚነግራት ማነው? አንቺ ነሽ?»

ታከለ ስልክ ደወለ። ከኋላው ትራክተር ይጮኻል። «ይቆረጥ!» አለ። «እኔስ ተቆርጬ የለ? ምን ሆንኩ?»

«አንተማ ድምፅህ እንደ ትራክተርህ ሆኖ ቀረ!» አለችው እታለም። ስልኩን እንደዘጋች ግን አቡሽን አንስታ አዘለችው።

ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ መዘነችው፤ ቀስ እያለም ቢሆን ክብደቱ ይጨምራል። አፉን በባትሪ አየች፤ እንጥሉ ደህና ናት፣ ማንም እንዳይነካት አለች። ትንሽ ትንሽ እየሰጣችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጡት፣ መሐል ላይና መጨረሻ ላይ አስገሱት፣ ከጠጣ በኋላ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ሲተኛ ግን በጀርባው፣ ደልደል ባለ ነገር ላይ ይሁን ብላ መከረችን። የሚያስመልሰው አረንጓዴ ከሆነ ወይም ደም ካለበት፣ ወተቱ ተፈንጥሮ የሚወጣ ከሆነ፣ ካተኮሰው፣ ሽንቱ ከቀነሰ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት ብላም አስጠነቀቀችን። እኔ ረክቼ ወጣሁ። እታለም ግን መንገድ ላይ ልጁን አቅፋ ቆመችና «እሷ እኮ ቀትር ላይ አላየችውም» አለችኝ።

የቅዳሜው ዋዜማ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ክፍል ስላልነበረኝ ራኩባዋ ሥር ተቀመጥኩ። የእታለም ሻይ በወተት የታወቀው በአረፋው ነው። አንዱን ጣሳ ከራሷ በላይ ታነሳለች፣ ሌላውን ከጉልበቷ በታች ታወርዳለች፣ ወተቱ በመሐል እንደ ነጭ ገመድ ይዘረጋል። ደጋግማ ስትገለብጠው ይበርዳል፣ አረፋውም ከብርጭቆው ጫፍ በላይ ይቆማል። የሱዳን ሹፌሮች ለዚያ አረፋ ሲሉ ሌላውን ሻይ ቤት ሁሉ አልፈው ይመጣሉ። ሹፌሮቹ ሲሄዱ የአቡሽን ወተት ልታዘጋጅ ተነሳች። ፍል ውሃ ቀዳች፣ ዱቄቱን ጨመረች፣ «ወንድ ልጅ ነው» ብላ ሌላ ማንኪያ ደረበችበት። ከዚያም ለማቀዝቀዝ ጣሳውን ከራሷ በላይ አነሳችው።

አረፋ የሞላውን ወተት ጡጦው ውስጥ ስታንቆረቁር የማየውን ማመን አቃተኝ። የጡጦው ጫፍም በጋለ መርፌ ተበስቶ ሰፍቶ ኖሯል፤ እንዲያፈስለት ብላ።

«ምን ታፈጫለሽ?» አለችኝ።

«አረፋውን።»

«አረፋ የሌለው ወተት ምን ወተት ነው? ማን ይጠጣዋል?»

«እታለም፣ አቡሽ እኮ ሹፌር አይደለም። አየር ነው የምታጠጪው። በዚያ ሰፊ ቀዳዳ ሲጎርፍበት ደግሞ ሌላ አየር አብሮ ይውጣል። ሆዱ ይነፋል፣ አየሩ ሲወጣ ወተቱን ይዞ ይወጣል።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን አያስመልስም? ጠዋትም ይሄንኑ ነው የምሰጠው።»

መልሱ ጀርባዋ ላይ ነበር። ጠዋት ጡጦውን እንደጨረሰ ታዝለዋለች፤ ቀጥ እንዳለ ይውላል፣ ስትራመድ እየተወዘወዘ ያገሳል። ቀትር ላይ ብቻ ነው ጠጥቶ ወዲያው የሚጋደመው። ይህን ስነግራት ጣሳውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ጥፋተኛው ዕድሜዋን የኮራችበት እጇ ነበር።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አሠራሩን ለወጥነው። የፈላው ውሃ ጥቂት በረድ ሲል ዱቄቱን ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ፣ የማንኪያውን አፍ ደልድለን ለካን፤ ሳንንጥ በእርጋታ አማሰልን፤ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁመን አበረድነው፤ አረፋው እስኪጠፋ ታገሥን፤ አዲስ የጡጦ ጫፍ ገዛን። ሆዱ ላይ ጠብቆ የታሰረውን መቀነት ፈታን። ከጠጣ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ ቀጥ አድርጌ ልያዘው ስትለኝ ግማሽ ሰዓት ገደማ አልኳት፤ ሰዓት የላትም። «አንድ የሱዳን ዘፈን እስኪያልቅ» አልኳት። ገባት።

ቅዳሜ ቀትር ሆነ። እታለም አቡሽን ቀስ እያለች አጠጥታ እንደጨረሰች ከውጭ እማማ ተጣሩ፤ አያ ቢረሳው ደርሷል። ልጁን ትከሻዬ ላይ አድርጋልኝ ወጣች። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ከሩቅ ከአንዱ ራኩባ ቫዮሊን ይሰማል። ጀርባውን መታ መታ አደርገዋለሁ፤ አያገሳም። ሙቀቱ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። ፊቴ ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዬ ወደ በሩ ነው፤ የልጁ ዓይን ከትከሻዬ በላይ ወደ በሩ እያየ እንደሆነ ከአንገቱ አያያዝ ይታወቀኛል። መታ የማደርግበት እጄ ሲዝል ከጀርባው አውርጄ ልጁን ከሥሩ ደገፍኩት።

መታ መታው ግን አልቆመም።

በልጁ ሰውነት በኩል ደረቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ሁለት ጊዜ በቀስታ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ አንዴ ጠንከር። ሁለት በቀስታ፣ ዝም፣ አንዴ ጠንከር። የማይቸኩል እጅ። ልዞር አልቻልኩም፤ አንገቴ አልታዘዘልኝም። ከዚያ አቡሽ ከእሱ የማይጠበቅ፣ የጎልማሳ ግሳት አገሳ። ነገሩም ቆመ።

አያ ቢረሳው ገባ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ስለቱን ከንጹሕ ጨርቅ እየፈታ ነው የተቀመጠው። የልጁን አፍ በማንኪያ ከፍቶ አየ። «ብዙም አልወረደች፣» አለ። «ካስመለሰው ግን መቁረጥ ነው።»

«ይቆረጥ፣ አባቱም ብሏል፣» አሉ እማማ።

እታለም ልጁን ከእኔ ተቀበለች። ቀጥ አድርጋ ይዛው ቆማ ቀረች። ቫዮሊኖቹ ሄዱ፣ ሰውየው ዘፈነ፣ ቫዮሊኖቹ ተመለሱ። አያ ቢረሳው ምን እየጠበቅን ነው ብሎ እማማን በዓይኑ ጠየቀ። ዘፈኑ ሲያልቅ እታለም «አያ ቢረሳው፣ አሁን አጋድመዋለሁ» አለች። «ካስመለሰ ልጁ ያው። ካላስመለሰ ግን ስለትህን ይዘህ በመጣህበት ትሄዳለህ።»

በጀርባው አስተኛችው። አራታችንም ዙሪያውን ተቀመጥን። እንዲህ ያለ ዝምታ በፈተና ክፍል እንኳ ሰምቼ አላውቅም። አቡሽ ተንጠራራ። ጀርባውን ገተር አደረገ። አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ በሩ አዞረ፣ ዓይኑን ቶቡ ላይ ተከለ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። እታለም ጉልበቴን ጨምድዳ ያዘችው። በከንፈሩ ጥግ አንዲት ነጭ ጠብታ ወጣች።

«መጣ!» አሉ እማማ።

አያ ቢረሳው ጎንበስ ብሎ አየ። «ይቺማ ልጋግ ናት፣» አለ።

አቡሽ ዋጥ አደረገ፣ አዛጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ጠበቅን። ጥላው ደፉን አልፎ እስኪገባ ጠበቅን። አያ ቢረሳው ስለቱን መልሶ ጠቀለለ። «እኔ የታመመ ልቆርጥ መጣሁ እንጂ የተኛ ልቀሰቅስ አልመጣሁም፣» ብሎ ወጣ። ማታ ታከለ ደውሎ ሲቆጣ እታለም ስልኩን የልጁ አፍንጫ አጠገብ አስጠጋችው። ታከለ እስትንፋሱን ሰማና ቁጣውን ተወ።

እኔ ነገር ደብቄ የማድር ሰው አይደለሁም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የተሰማኝን ለእታለም ነገርኳት፤ አመታቱንም በሩ ላይ አንኳኩቼ አሳየኋት። ፊቷ ተለወጠ።

«ማን አሳየሽ?»

«ማንም።»

«ሰሊጥ ሲራገፍ አይተሽ ታውቂያለሽ? ነዶው ሲደርቅ ተዘቅዝቆ በዱላ ይመታል፣ ፍሬው ይወርዳል። ሌላው ሠራተኛ ዝም ብሎ ይደበድባል። ሙሉ ብቻ ናት ሁለቴ በቀስታ መትታ የምታዳምጥ። ፍሬው መላቀቁን ስትሰማ አንዴ ጠንከር ታደርጋለች።» ወደ ቶቡ ዞረች። «እኔ እኮ ልትነጥቀኝ የመጣች መስሎኝ ነበር። ለካ ልታስገሳው ኖሯል።»

ማብራሪያ አላጣሁም። የዛለ ክንድ ይንቀጠቀጣል፤ በሙቀት የደም ሥር ይመታል፤ ፍርሃት የልብን ምት ያጠነክርና ዜማ ያስመስለዋል። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ላሳያቸው እችላለሁ። የእኔ ደም ሥር ግን ሰሊጥ አራግፎ አያውቅም።

አቡሽ ክርስትና ተነስቶ፣ ስም ወጥቶለት፣ ማቅረሸቱም እያደር እየቀነሰ መቀመጥ ሲጀምር ጨርሶ ተወው። አሁን እታለም ጋ ሸሕዲ ነው፤ እንጥሉም ቦታዋ ላይ ናት። ራኩባዋ፣ ድልድዩ ላይ የሚሻገረው ቶብ፣ በጆንያ የሚመጣው በረዶ ወዴት እንደሄዱ አልጠይቅም። ሚኒባሱ ውስጥ ላገኘኋት እናት ግን ልጁን ከጭኗ አንስቼ ትከሻዋ ላይ አደረግሁላት፤ ስለ አረፋውም፣ ስለ ጡጦው ቀዳዳም እስክንወርድ ድረስ አስረዳኋት። ጎበዝ አድማጭ ናት። የመጨረሻውን ግን አልነገርኳትም።

ለእናንተ ልንገራችሁ፤ እናንተም ሞክሩት። አራስ ልጅ ስታገኙ፣ ከጠጣ በኋላ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሻችሁ ላይ ያዙት። አትቸኩሉ፤ አንድ ረጅም ዘፈን እስኪያልቅ ይሁን። ጀርባውን በለሆሳስ መታ መታ አድርጉት። ቤቱ ጭር ሲል እጃችሁን ከጀርባው ላይ አንሡና በደረታችሁ አዳምጡ።